ጠይቁን፦ ጩኸቱ በየት እንደሚገባ ሳያውቁ ንጣፍ አይግዙ

የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የላኩልንን ጥያቄዎች ስናገላብጥ ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ተገናኙብን፤ ጩኸት። አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርገን የመለስነው የሌላ መኪና ባለቤቶችም ስለሚፈልጉት ነው።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1969 ቮልስ 1300 አለኝ። ሞተሩ በቅርቡ ታድሷል፣ ደህና ነው። ነገር ግን በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ከጎኔ ከተቀመጠ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ አለብኝ። አንድ ባለሙያ ወለሉን፣ በሮቹንና ጣሪያውን ሙሉ ለሙሉ «ሳውንድ ፕሩፍ» እናልብሳት ብሎኛል። ያዋጣል? ስንት ካሬ ይፈጃል? ራሴ ልሥራው ብልስ?
— ቮልስ ወዳድ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ሙሉ ለሙሉ ማልበሱ አያዋጣም። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የተጠየቁትን ሁሉ ከፍለውም ጩኸቱ ባለበት ሊቀር ይችላል።

«ሳውንድ ፕሩፍ» ሲባል የሚለጠፈው፣ ባንድ ፊቱ አልሙኒየም የለበሰው ጥቁር የቡታይል (የሚጣበቅ ጎማ) ንጣፍ ሥራው አንድ ነው፤ ላሜራው እንዳይነዝር ይይዘዋል። ከበሮ መቺ መዳፉን ቆዳው ላይ ሲያሳርፍ ድምፁ እንደሚታፈነው ማለት ነው። ቆዳውን በሙሉ መሸፈን አይጠበቅበትም፤ መዳፉ ይበቃዋል። ላሜራም እንደዚያው ነው። የአንድን ጠፍጣፋ ላሜራ መሃል ከ25 እስከ 30 በመቶ ከያዙለት አብዛኛው ንዝረት ይሞታል። የቀረውን መሸፈን ክብደትና ወጪ ይጨምራል እንጂ ጆሮ የሚለየው ለውጥ አያመጣም። በአየር የሚመጣውን የሞተር፣ የጎማና የነፋስ ድምፅ ግን ይህ ንጣፍ አያቆመውም። እሱን የሚያቆመው የተደፈነ ቀዳዳና ከባድ ግርዶሽ ነው። ቀዳዳውን አስቀድመን የጠራነው በምክንያት ነው፤ ከአንድ ግድግዳ ስፋት 1 በመቶው ክፍት ከሆነ፣ ግድግዳው ከእርሳስ ቢሠራ እንኳ ከ20 ዴሲቤል በላይ አይከላከልም። የደረቀ የበር ጎማን ወለል ላይ በተነጠፈ ንጣፍ መካስ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ግማሽ ቀን ለፍተሻ ይስጡ። ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ 70 ሲደርሱ ማርሹን ዜሮ ያድርጉት። ጩኸቱ ወዲያው ከወረደ ምንጩ ሞተሩና ማርሚታው ነው። ካልወረደ ጎማው፣ ኩሽኔታው ወይም ነፋሱ ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን እንዳያጠፉ፤ መሪ የሚቆልፍ ቁልፍ ካላት መሪው በጉዞ ላይ ሊያዝብዎ ይችላል። ቀጥሎ በተሳፋሪው ወገን ያለውን በር ዙሪያውን፣ የትንሿን ሦስት ማዕዘን መስታወት ጠርዝም ጨምረው፣ ከውጭ በወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና በዚያው መንገድ ይንዱ። የነፋሱ ፉጨት ከቀነሰ መድኃኒቱ አዲስ የበር ጎማ ነው። በየትኛው ቦታ እንደሚያስገባ ለማወቅ ደግሞ ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት። ሳይታገል ከወጣ እዚያ ቦታ ጎማው ሞቷል። በመጨረሻ ምንጣፉን አንስተው ላሜራውን በጣትዎ አንጓ እያንኳኩ ይዙሩ። «ዷ» ብሎ የሚያስተጋባውን በጠመኔ ያክብቡት፣ «ድፍ» የሚለውን ይተዉት።

ቮልስ ላይ ድምፅ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይታወቃሉ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ዋናው በር ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው የዕቃ ጉድጓድና ግድግዳው ነው። ሽቦ የሚያልፍባቸው ጎሚኒዎች ደርቀው ወድቀው ይሆናል፤ ከኋላ ወንበር ስር፣ ቱኔሉ (በወለሉ መሃል የሚያልፈው ጉብታ) ላይ ያለችው የማርሽ ዘንግ መገጣጠሚያ ክዳን ሳትከደን ቀርታ ይሆናል፤ ከማርሹ እጀታ ስር ያለው ጎማ ተቀዶ ይሆናል። ወለሉና ቦዲው በሚገናኙበት ዙሪያ የሚገባው ጎማም ወለል ሲቀየር ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። እነዚህን ለመተካት የሚወጣው ወጪ ከንጣፉ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በተለይ ጎሚኒዎቹ ሶማሌ ተራ በልክ ይገኛሉ፤ የወደቀውን ይዘው ሄደው ያስተያዩ እንጂ በግምት አይግዙ።

ቀዳዳ ከመድፈንዎ በፊት ግን ጭሱን ያስፈትሹ። ቮልስ ውስጡን የምታሞቀው ከጭስ ቱቦው ዙሪያ በተሠሩት ሳጥኖች ውስጥ በሚያልፍ አየር ነው። ሳጥኖቹ በዝገት ከተበሱ ወይም ማርሚታው መገጣጠሚያው ላይ ከፈታ፣ ጭሱ በዚያው አየር ወደ ሰው ይመጣል። እስካሁን በየቀዳዳው ሲወጣ የነበረውን ጭስ እርስዎ ውስጥ ዘግተው እንዳይቀመጡበት። የማርሚታ መፍታት ደግሞ ራሱ ጩኸት ነው፤ ከእሱ የሚመጣውን የ«ጠጠጠ» ድምፅ በንጣፍ ለማፈን መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቡታይል በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለእርስዎ ቮልስ 3 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ከኋላ ወንበር ጀርባ ላለው ግድግዳና ጉድጓድ 1 ካሬ፣ ለወለሉ ግራና ቀኝ 0.8፣ ለሁለቱ በሮች 0.5፣ ለኋላ ተሳፋሪ ጎንና ጎን ላለው ላሜራ 0.4፣ እግር የሚያርፍበት ፊት ለፊት 0.2፣ የቀረው ለቁርጥራጭና ለስህተት። ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው የኋላው ግድግዳና ጉድጓዱ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ስስት አይጠቅምም። በላዩ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውኃ የማይጠጣ ዝግ ስፖንጅ ይነጠፋል፤ ወለሉን ጨምሮ 2.5 ካሬ ይበቃል፣ ክብደቱም ከቁጥር አይገባም። የሞተሩ ድምፅ አሁንም ካስቸገረ በስፖንጁ ላይ፣ ለኋላው ክፍል ብቻ፣ 1 ካሬ ከባድ ቪኒል ይጨምሩ። እሱ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ነው። ስፖንጁ ከመካከል የሚገባው ቪኒሉ ላሜራውን እንዳይነካ ነው፤ ከነካው አብሮ ይነዝራል።

ሁሉም ሲደመር 15 ኪሎ ገደማ ነው። «ሙሉ ለሙሉ» የተባለው፣ 7 ካሬ ቡታይልና 5 ካሬ ቪኒል ቢሆን፣ ከ45 ኪሎ ይበልጣል። የ1300 ሞተር በባሕር ጠለል ላይ የሚሰጠው 40 የፈረስ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ሩቡ ገደማ ይጎድላል። በቀረው 30 ጉልበት የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ አንድ ጎረምሳ ትርፍ ሰው ይዛ መሄድ አለባት እንዴ?

ጣሪያውን ይተዉት። የቮልስ ጣሪያ ጉብ ያለ ነው፤ ጉብ ያለ ላሜራ በቅርጹ ስለሚጠነክር እንደ ጠፍጣፋ አይነዝርም። ከዚያም በላይ የውስጥ ጣሪያ ልብሱን በወጉ ለማንሳት የፊትና የኋላ መስታወት መውረድ አለበት። ልብሱ ተቀዶ የሚቀየርበት ቀን ሲመጣ፣ ያኔ መሃሉ ላይ ሁለት ቁራጭ መለጠፍ ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከባትሪው ኔጋቲቩን ይፍቱ። ወንበሮቹን፣ ሞኬቱንና ከፋብሪካ የመጣውን የሬንጅ ካርቶን ያውጡ። የድሮው ሬንጅ ጠበቅ ብሎ የያዘ ከሆነ መፋቅ አያስፈልግም፤ የሚነሳውን ብቻ ያንሱ። ዝገት ካለ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቁት። በባትሪው ስር ያለውን ወለል በተለይ ይዩ፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ ያፈሰሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠው ያፍሱበት፣ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይድገሙት፣ በንጹሕ ውኃ አጥበው ያድርቁ። ከተበሳ ብየዳው ይቅደም። ንጣፍ የተበሳ ወለል አይጠግንም፤ ይደብቀዋል እንጂ። ብየዳም ንጣፍ ከተለጠፈ በኋላ አይደረግም፣ ይቃጠላል።

አንቲረስት ከተቀባ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆይ። ያልደረቀ ቀለም ላይ የተለጠፈ ንጣፍ የቀለሙን መሟሚያ አፍኖ ይይዝና ከቀለሙ ጋር ተገሽልጦ ይነሳል። ከዚያ ላሜራውን በአልኮል ይጥረጉ። በቤንዚን አይጥረጉ፤ ቅባት ያስቀራል፣ በተዘጋ መኪና ውስጥም ለእሳት ነው። ቀጥሎ ልኩን በጋዜጣ ያውጡ፣ ንጣፉን በኋላ ፊቱ ከወረቀቱ ጋር ይቁረጡ፣ ጓንት ያድርጉ። የአልሙኒየሙ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ይህን የሚያምነው የተቆረጠ ብቻ ነው። ከጠዋት ብርድ ይልቅ ፀሐይ ብረቱን ካሞቀች በኋላ ይሥሩ። ባይሞቅ በሙቅ አየር መሣሪያ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ያለስልሱት። ከአንዱ ጠርዝ ጀምረው እየጫኑ ይልጠፉ፤ መሃሉን አስቀድመው ካሳረፉት አየር ያፍናል። አየር ከያዘ በመርፌ ወግተው ያስወጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ንጣፉ በእጅ ተለጥፎ አያበቃም፤ በትንሽ ጠንካራ ሮለር፣ ፎይሉ ላይ የታተመው ጌጥ እስኪጠፋ ድረስ መዳመጥ አለበት። ንዝረቱን የሚገድለው ቡታይሉ በላሜራውና በፎይሉ መካከል ተይዞ ሲታሽ ነው። ያልተዳመጠ ንጣፍ የተሸከሙት ጭነት ብቻ ነው።

የማይሸፈኑትንም ይወቁ። ወለሉን ከቦዲው የሚያስሩት ብሎኖች፣ የወንበር ሐዲዱ፣ የቀበቶ ብሎኖች፣ የወለል ጎማ ክዳኖችና ከቱኔሉ ጎን የሚያልፈው የፍሬን ቱቦ ዙሪያቸው 2 ሴንቲ ሜትር ነጻ ይሁን። ከወንበር ሐዲድ ስር የገባ ንጣፍ ቀስ በቀስ ይጨመቅና ብሎኑን ያላላዋል።

በባትሪው ላይ የሚቀመጠው ክዳን ከጠፋ ዛሬውኑ ይተኩት። የኋላ ወንበሩ ስፕሪንግ በከባድ ሰው ሲጫን የባትሪውን ራስ ነክቶ ወንበሩን በእሳት ያቀጣጠለባቸው ቮልሶች ብዙ ናቸው። የቡታይሉ ፎይልም ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አይዘንጉ፤ ከባትሪው፣ ከወንበሩ ስር በግራ በኩል ካለም የባትሪውን ቻርጅ ከሚቆጣጠረው ሬጉላተር፣ አርቀው ይቁረጡት። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ደግሞ በማስቲሽ የተለጠፈ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ጨርሶ አይግባ። ማስቲሽ ሲሞቅ ይለቃል፣ የወደቀውን ቁራጭ ማቀዝቀዣው ፋን ይስበውና የአየር መግቢያውን ይደፍነዋል። አየር ያጣ የቮልስ ሞተር ወዲያው ይግላል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት ጌጅ ስለሌላትም የሚነግርዎ የለም። እዚያ የሚገባው እሳት የማይዘው፣ በብረት ምላስና በብሎን የሚያዝ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ በፔጆ 404 ታክሲ እሠራለሁ። ከስር በሚመጣ ሙቀትና ድምፅ ተቸግሬ ወለሉን ሬንጅ አስቀባሁት፣ ላዩንም ለቤት ጣሪያ በሚሆን ጥቁር ጥቅል አስሸፈንኩት። ሁለት ሳምንት ደህና ነበር። አሁን ቀን ላይ ይሸታል፣ ከሞኬቱ አልፎ ጫማ ላይ ይጣበቃል። ደምበኛ መስታወት ካልተከፈተ አልሄድም ይለኛል። ምን ይሻለኛል?
— ባለ ፔጆ፣ ከሐረር

መልስ፦ ደምበኛው እውነቱን ነው። የመንገድ ሬንጅ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ላሜራ ከዚያ ያልፋል፣ ከእርስዎ ወለል ስር ደግሞ ማርሚታ አለ። ሬንጅ በቀዝቃዛ ወለል ላይ ንዝረት ይይዛል፤ ከፋብሪካም ተመሳሳይ ነገር ይለጠፍ ነበር፣ ግን በልዩ ቅንብርና በልክ። በር ላይና ጣሪያ ላይ ከሆነማ ቁልቁል ይፈሳል።

መነሳት አለበት። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ብረቱ በሌሊቱ ብርድ እንዳለ፣ በሰፊ መሮና በትንሽ መዶሻ ይምቱት፤ ሬንጅ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል፣ ሲሞቅ ይጎተታል። በቀን ከሞከሩት ቀኑን ሙሉ ሲያሹት ይውላሉ። ተሰባብሮ የቀረውን በነጭ ጋዝ ወይም በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አራቱም በሮች ይከፈቱ፣ ሲጋራም ሆነ የብየዳ እሳት አጠገቡ አይድረስ። ነጭ ጋዝም ቅባት ስለሚያስቀር በሳሙና ውኃ ይታጠብ፣ ከደረቀ በኋላ በአልኮል ይጥረጉት።

ሙቀቱንና ድምፁን ነጣጥለው ይዩአቸው። ሙቀቱ የሚቆመው ከስር ነው። በማርሚታውና በወለሉ መካከል 1 ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ወይም የገልቫናይዝ ላሜራ ያሠሩ፤ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በየብሎኑ አጭር የቱቦ ቁራጭ ቢያስገቡ ርቀቱን ይጠብቅልዎታል። ያ ባዶ ቦታ ነው መድኃኒቱ፤ አየር ሲመላለስበት ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ከሞኬት ስር የሚነጠፍ የሚያብረቀርቅ ፎይል ግን ለሙቀት ብዙም አይረዳዎትም፤ ፎይል ሙቀት የሚመልሰው ፊቱ ላይ አየር ሲኖር ነው። በሁለት ነገር መካከል ሲጨመቅ እንደ ማንኛውም ብረት ያስተላልፋል።

ላሜራው ከተሠራ በኋላ ረዘም ያለ ጉዞ ያድርጉና ወለሉ ላይ ጠብታ ውኃ ጣል ያድርጉ። «ቺስ» ካለ ወለሉ ገና ለማንኛውም የሚለጠፍ ነገር አይሆንም፤ ማርሚታው በመስቀያ ጎማው ላይ ወርዶ ወይም ወደ ወለሉ ተጠግቶ እንደሆነ ይዩ። ካላለ ከላይ እንደተባለው ቡታይል በየመሃሉ፣ በላዩ ዝግ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሞኬት። ፔዳሎቹ፣ የመሪው ዘንግና የማሞቂያ ቱቦዎቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች 404 ላይ ትልልቅ ናቸው፤ ጎማቸው ከሌለ መጀመሪያ እሱን።

አንድ ነገር ግን ያዳምጡ። የ404 የኋላ አክስል እንደ ሌሎቹ ሳይሆን በጠመዝማዛ ጥርስ የሚዞር ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ብዙም አይሰማም። ከኋላ ነዳጅ ሲሰጡ ከፍ፣ ሲለቁ ዝቅ የሚል ዋይታ ካለ ዘይቱንና ኩሽኔታውን ያስዩ። ውስጡ ያለው ጥርስ ነሐስ ስለሆነ ዘይቱም ለነሐስ የሚስማማ መሆን አለበት። ይህን ዋይታ በንጣፍ ቢያፍኑት አክስሉ የሚሞትበትን ቀን ሳይሰሙ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በክረምት አገር ቤት ስገባ ለአባቴ ቮልስ የሚሆን ንጣፍ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ምን ያህል ልግዛ? በሻንጣ ይሄዳል?
— የአባቱ ልጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ይሄዳል። እዚያ በብዛት የሚሸጠው 36 ካሬ ጫማ የያዘ ካርቶን ነው፤ በእኛ 3.3 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአንድ ቮልስ አንዱ ይበቃል። እንደ ውፍረቱ ከ7 እስከ 10 ኪሎ ስለሚመዝን በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ለእናትዎ ዕቃም ቦታ ይተርፋል። በማስታወቂያው ላይ ያለውን ውፍረት ብቻ አይዩ፤ የካርቶኑን ክብደት ለስፋቱ ያካፍሉ። ከሁለት ንጣፎች ውፍረታቸው እኩል ሆኖ አንዱ በጣም ከቀለለ ቡታይሉ ሳስቶ አረፋ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። የፎይሉም ውፍረት ለውጥ ያመጣል፤ በጣት ጥፍር ሲጫን ወዲያው የሚቀደድ ከሆነ ይለፉት። «አስፋልት» ወይም «ሬንጅ» የሚል ቃል የተጻፈበትን፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አይግዙ፤ የሐረሩን ባለ ፔጆ ያስታውሱ።

ሉሆቹን በሻንጣው ወለል ላይ ጠፍጣፋ ያድርጓቸው። ከታጠፉ ፎይሉ ይሰበራል፣ የተሰበረበት መስመርም በደንብ አይዳመጥም። ትንሿን ሮለር እዚያው ይግዙ፣ ቀላል ናት። የሚረጭ ማጣበቂያ፣ የሚረጭ ቀለምና የማጽጃ አልኮል በጠርሙስ አይያዙ፤ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን አይፈቀዱም። አልኮሉ ከፋርማሲ፣ ማስቲሹም ከመርካቶ ይገኛል። ከባዱን ቪኒል መሸከም አይመከርም፤ 1 ካሬ ብቻውን 5 ኪሎ ነው። ቦታ ከተረፈ ይልቅ የበር ጎማ ሙሉ ስብስብ ይጨምሩ። ቀላል ነው፣ ልኩም ይለያያል፤ ስለዚህ የመኪናዋን የሥሪት ዓመትና የሻንሲ ቁጥር ከአባትዎ አስቀድመው ይጠይቁ። በክረምት ስለሚሠራም በዝናብ መካከል ወለሉ በቂ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን መኪናዋ ጣሪያ ስር መቆም እንዳለባት ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ዲኤክሴ በሮቿ ሲዘጉ እንደ ቆርቆሮ ይጮኹ ነበር። ሳውንድ ፕሩፍ አስደረግሁ። ድምፁ አማረ፤ ግን ክረምት ሲገባ ከበሩ ውስጥ ውኃ ሲንቦጫረቅ መስማት ጀመርኩ፣ አንዱ መስታወትም አልወርድ አለ። ዝናብ ሲወርድ የጣሪያው ጩኸት ግን እንዳለ ነው።
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ የበሩ ታች ተደፍኗል። መኪና በር ውኃ እንዳይገባበት ተደርጎ አይሠራም፤ በመስታወቱ ጠርዝ የገባው ውኃ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ነው የሚሠራው። የለጠፈው ሰው ንጣፉን እስከ ታች ድረስ ስላወረደው ቀዳዳዎቹ ተዘግተዋል። ዛሬ በሩን ከፍተው የታችኛውን ጠርዝ ከውጭ ይዩት፤ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ቆስቁሱ። ውኃው ከወጣ በኋላ የውስጥ ሽፋኑን አውርደው ንጣፉን ከታች ጀምሮ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በሙቅ አየር እያለሰለሱ ያንሱ። አንድ ክረምት ካለፈው ከስሩ ዝገት ይጠብቅዎታል፤ አንቲረስት ያዘጋጁ።

መስታወቱን የያዘው ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ንጣፉ ሐዲዱ ላይ ገብቷል ወይም ተነስቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። በር ላይ ንጣፍ የሚለጠፈው መስታወቱን እስከ መጨረሻ አውርዶ፣ በላሜራውና በመስታወቱ መካከል ያለውን ክፍተት ከለኩ በኋላ ነው። ከውጩ ላሜራ ውስጠኛ ፊት፣ መሃሉ ላይ 30 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ይበቃ ነበር።

ሽፋኑን ሲመልሱ በላሜራውና በሽፋኑ መካከል የነበረውን ፕላስቲክ እንዳይረሱት። ብዙ ጋራዥ ቀድዶ ይጥለዋል። ወፍራም የላስቲክ ወረቀት በልኩ ቆርጠው ዙሪያውን በማይደርቅ ማጣበቂያ ይለጥፉ፤ የታችኛው ጠርዙ ግን ወደ በሩ ውስጥ ይግባ፣ የነካው ውኃ ተመልሶ ወደ በሩ እንዲፈስ። ወደ ውጭ ከወጣ ውኃው ሞኬት ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ የሻጋታ ሽታ ነው። በነገራችን ላይ ይኸው ፕላስቲክ በደንብ ሲለጠፍ ከበሩ ከሚመጣው የመንገድ ድምፅም ይቀንሳል፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

ለጣሪያው፣ ኮርኒሱ ሲወርድ በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል ባለው እያንዳንዱ ሜዳ መሃል አንድ አንድ ቁራጭ ቡታይል ያለጥፉ። ጣሪያ ላይ ቁልቁል የሚሰቀል ስለሆነ ብረቱ እጅግ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ሮለሩም ሁለት ጊዜ ይሂድበት። ከባድ ቪኒል ጣሪያ ላይ አይወጣም።

ጥያቄ፦ በበሮቹ ስር የሚሄደው ሳጥን ብረት ውስጥ ለበርና ለመስኮት ክፈፍ የሚረጨውን ቢጫ ፎም ብሞላውስ? ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ።
— ከአዳማ

መልስ፦ አይሙሉት። ያ ፎም ውኃ ይዞ ይቀመጣል፣ ሳጥኑም ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ የሚታየው ሲበሳ ነው። ቮልስ ከሆነች ደግሞ ያ ሳጥን የማሞቂያው አየር መተላለፊያ ነው፣ ከሞሉት ክረምት ላይ የፊት መስታወቱን ጭጋግ የሚያነሳ ሙቅ አየር አይደርስም። በኋላ ብየዳ ቢያስፈልግ ፎሙ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ሳጥኑ ራሱ በቅርጹ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ አይነዝርም፤ የሚሰማዎት ድምፅ ጠጠር ከጎማ እየተነሳ ከስር ሲመታው ከሆነ፣ ከውጭ፣ ከጎማው ኋላ ያለውን ክፍል ብቻ፣ ላስቲክነት ያለው የወለል ቅብ ሁለት እጅ ያስቀቡት። ከስር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን ከመቀባቱ በፊት በፕላስተር ይሸፍኑ፣ ሳይደርቅም ያንሱት።